የሁለተኛውን መጽሐፍ ንባብ ሥርዓት ለማስያዝ በመልካ ጀብዱ የወጣ አዋጅ

ከድሬዳዋ መሀል ወጣ ብላ፣ ፋብሪካዎች በተተከሉባት መልካ ጀብዱ፣ ከፈረቃ መልስ ሙቀቱ በረድ ሲል ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የሚያነጉ አንባቢዎች ስለ በዙ፤ የሚያነቡትም ጨለማ ልዕለ ተፈጥሯዊ የፍቅር ልቦለድ፣ ማለትም አፍቃሪው ደም መጣጭ ወይም ሰው-ተኩላ የሚሆንበትና ፍቅሩ ከፍርሃት የማይለይበት የድርሰት ዓይነት በመሆኑ፤ በተለይም የተከታታዩ ሁለተኛ መጽሐፍ ወጥ ማሳረሩና እንቅልፍ መንሳቱ ስለ ተረጋገጠ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ «ሁለተኛ መጽሐፍ» ማለት ጥንዶቹ በመጀመሪያው ተገናኝተው ስላበቁ፣ ደራሲው የሚጽፈው እንዳያጣ ሲል የሚለያያቸው መጽሐፍ ነው። አብነቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው፣ የ«ትዋይላይት» ተከታይ የሆነው የስቴፈኒ ሜየር «ኒው ሙን» ሲሆን፣ ኤድዋርድ የተባለውን ደም መጣጭ ከቤላ ነጥሎ ካሰናበተ በኋላ፣ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ያሉትን ወራት ስማቸውን ብቻ በባዶ ገጽ ላይ አስፍሮ ያልፋቸዋል። እነዚህን ገጾች በጥድፊያ የገለጠ ሰው መጽሐፉን አንብቧል ተብሎ አይመሰከርለትም።

አንቀጽ 2፦ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል ስለ ሞቱ ሊቀጥል አይችልም የሚለው ክርክር በዚህ ዘውግ ተቀባይነት የለውም፤ በዚህ ዘውግ መሞት ለአፍቃሪ ሹመት እንጂ ስንብት አይደለምና።

አንቀጽ 3፦ ይኸው «ኒው ሙን» ወደ ተኩላ የሚለወጠውን ጄኮብን ሁለተኛ አፍቃሪ አድርጎ ያቀርባል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው «ቡዳ» ሲሆን፣ ስሙ ለዘመናት ሲለጠፍ የኖረው በብረት ቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። አንዱ ለውጥ ልብ ሲያሞቅ ሌላው ክታብ የሚያሳስርበት ምክንያት፣ የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ከመጻፉ በቀር በምርመራ ሊገኝ አልቻለም። ስለዚህ ማታ ለጄኮብ አልቅሶ ሲነጋ ቀጥቃጩን «ዓይኑ አያምርም» እያለ ልጁን የሚሸሽግ አንባቢ፣ ለአንድ ዓመት ቢላዋውን በገዛ እጁ ቀጥቅጦ፣ ጀበናውንም በገዛ እጁ ጠፍጥፎ እንዲጠቀም ይፈረድበታል። ጅብ ለፍቅር አይመችም የሚል አቤቱታም፣ ጎረቤት ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ ሲጎርስ ለማየት እንግዳ ከሩቅ እንደሚመጣ እየታወቀ፣ አይሰማም።

አንቀጽ 4፦ በበርጫ ላይ፣ ይኸውም ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው የጫት ጉባኤ፣ ስለ ሦስተኛው መጽሐፍ የተነገረ ትንቢት ምርቃናው ሲወርድ ተናጋሪውን አያስጠይቅም፤ ምርቃና፣ ጫት የሚያመጣው የሐሳብ ሞቅታ፣ ከድርሰት በላይ ድርሰት መፍጠሩ የታወቀ ነውና።

አንቀጽ 5፦ «ይቺን ምዕራፍ ብቻ» የሚለው አነጋገር ከእንግዲህ የጊዜ መለኪያ ሆኖ አያገለግልም። እራት ቀርቦ እናት ሦስት ጊዜ ከተጣራች በኋላም ቢሆን፣ ቤላ ከገደል ልትዘል ነው የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም፤ እናትየው ቤላ ማን እንደሆነች ካልጠየቀች በስተቀር።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ ከታወጀበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሁለተኛውን መጽሐፍ አስቀድመው የጀመሩ ግን የስልካቸው ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ በቀድሞው ልማድ ይተዳደራሉ፤ ቻርጀር ያቀበላቸው ሰው እንደ ግብረ አበር ይቆጠራል።