ሮዝ ያበበውን ዛፍ ሁሉ «ቼሪ» ማለትን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ ከዮሺኖ ቼሪ ቀድሞ የሚያብበው ባለሐምራዊ ቅጠሉ ፕሪም ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ቼሪ እየወሰደበት በመሆኑ፤ ከሥሩ ቆሞ ነጠላውን እያስተካከለ ፎቶ የሚነሣው ሁሉ «ቼሪው አበበ» ብሎ በመለጠፉ፤ ነገሩን በዝምታ ማለፍ የማይቻል ሆኖ በመገኘቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የፕሪም አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አንቀጽ 2። «ዛፍ» ማለት ዛፍ ነው።

አንቀጽ 3። ማንም ሰው አበባውን ቀርቦ ሳያይ ዛፉን ቼሪ ብሎ መጥራት አይችልም። የአበባው ቅጠል ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለው ቼሪ ነው፤ ድፍን ክብ ከሆነ ፕሪም። (ሀ) አበባው ድርብርብ ሆኖ ጫፉ አልለይ ካለ፣ ከጫፍ ምርመራ ነጻ ሆኖ እንቡጡ ይታያል፤ ከአንዱ እንቡጥ በረጃጅም ዘንግ ብዙ አበባ ከተንዠረገገ ቼሪ፣ አንድ ብቻ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሪም ነው። (ለ) ቅርንጫፉ የማይደረስበት እንደሆነ ግንዱ ይታያል፤ አግድም የተሰመሩ ጭረቶች የቼሪ ናቸው። (ሐ) ቅጠሉ ሐምራዊ ስለሆነ ብቻ ፕሪም ነው ብሎ መፍረድ ክልክል ነው፤ ሐምራዊ ቅጠል ያለው ቼሪም አለና። (መ) ከሁለቱ የተዳቀለውን ቁጥቋጦ በየትኛውም ስም የጠራ አይቀጣም። (ሠ) «ስልኬ ቼሪ ነው አለኝ» ማለት ነጻ አያወጣም። ስልክህን አበባው ላይ ደቅነህ ስታነሣ ዓይንህ የት ሄዶ ነበር?

«አበባ አበባ ነው፣ ምን ቸገረህ?» የሚል አይጠፋም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ሰርቪስ ግን ሙሉ አበባ ደረሰ የሚለው በዋሽንግተኑ ታይዳል ቤዚን ኩሬ ዙሪያ ካሉት ዮሺኖዎች አበባ 70 በመቶው ሲፈነዳ ነው፤ ፕሪም ከቆጠራው የለበትም። በፕሪም ፎቶ ተታሎ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የሚጠብቀው እንቡጥ ነው። ደግሞስ ቼሪዎቹ ራሳቸው እንዴት ተገኙ? በ1910 ከጃፓን የመጡት 2,000 ዛፎች በቅርብ ተመርምረው ተባይ ስለተገኘባቸው ተቃጠሉ፤ በ1912 ምትካቸው 3,020 መጡ። ያኔ «ዛፍ ዛፍ ነው» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ተባዩም አብሮ ይተከል ነበር። «ዛፉ ስሙን አይሰማ» ለሚሉም፦ እውነት ነው፣ አይሰማም። በየቢሮው ስማችን ሲጎመድ የምንንጨረጨር ሰዎች ግን የተደገፍነውን ዛፍ ስም አለመጠየቃችን ያሳፍራል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

አንቀጽ 4። ዛፉ ፍሬ ካፈራ፣ ጥፋተኛው በበጋ እግረኛ መንገዱ ላይ የወደቀውን ፕሪም ይጠርጋል። አንቀጽ 5። ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም የፎቶ መግለጫ ተሽሯል።