ቲቸር፣ ይሰማል?

ኮሮና መጥቶ «ከእንግዲህ ትምህርት በርቀት ነው» ሲባል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ብዙም አልደነገጠም። ከዚያ በፊት ከደቡብ አፍሪካ ሆና በርቀት የምታስተምር ባልደረባ ነበረችው።

ፕላዝማ ቴሌቪዥኗን ማለቱ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባችውን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ይቀረጻል፣ በሳተላይት ይለቀቃል፣ ጎንደር ላለውም ጂንካ ላለውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ እኩል ይደርሳል። የክፍሉ መምህር ድርሻ መግቢያው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መውጫው ላይ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነበር። በመሀል ያለውን ጊዜ ጠመኔውን እንደያዘ እንደ ሚዜ ጥግ ላይ ቆሞ ያሳልፋል። ፕላዝማዋ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው ትንፍሽ ሳይል «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። መምህሩ በሥራ ዘመኑ በትንሽ ነገር እንዲህ የሚደሰት ባልደረባ አላጋጠመውም።

መብራት ሲሄድ አብራ ትሄዳለች። መብራቱ ሲመለስ እሷ ሌላ ርዕስ ላይ ናት፤ ያመለጣችሁን ልድገምላችሁ የሚባል ነገር አታውቅም። እንዳትሰረቅ የተሠራላት የብረት ሳጥን በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ይወዳሉ። ያም ሆኖ መምህሩ አይጠላትም። እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነበር፣ ሥዕሎቿም ያምሩ ነበር፤ በጠመኔ ሊያሳይ የማይችለውን ሲሊንደር በአየር ላይ ታሽከረክርለታለች። ቅሬታው አንድ ነው፦ እጁን ያወጣ ተማሪ አይታያትም።

እንግዲህ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት ይዘጉ ተባለ። ያ «ሁለት ሳምንት» ክረምቱን ተሻግሮ አዲሱን ዓመት ከቤት አከበረ። በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጥ ተባለ፤ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ቴሌግራሙ ግን የመምህሩ ዕዳ ሆነ።

በስልክ ሒሳብ መጻፍ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ክፍልፋይ እንቢ ይላል፣ ስኩዌር ሩቱ ጣራው ይወድቃል። ስለዚህ መምህሩ በወረቀት ይጽፍና ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ከኖቱ ጋር የምግብ ጠረጴዛው ልብስ፣ የቡና ስኒና የገዛ አውራ ጣቱ አብረው ይሄዳሉ። አንድ ትጉህ ተማሪ «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ኤክስ ነው ወይስ ጣትዎ?» ብሎ ጠየቀ። ጣት ነበር።

የቴሌግራም ግሩፑ አባላት ደግሞ ሁሉም ተማሪ አልነበሩም። ስልክ የሌላት ልጅ በአባቷ ስልክ ትገባለች፤ አባት የሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ ስልኩ ቤት የሚገባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የእሷ ትምህርት ከሦስት ሰዓት በኋላ ይጀምራል። የፕሮፋይል ሥዕሏ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ናት። መምህሩ ለሚኒባሷ «ጎበዝ ልጄ፣ ትክክል ነሽ» እያለ ይመልሳል። አንድ ቀን ሚኒባሷ በጠራራ ፀሐይ «ነገ 12 ሰዓት ለገሃር እንዳትቀር፣ ጎማውን ይዘህ ና» አለች። ከተማሪዎቹ ሁለቱ «እሺ ቲቸር» ብለው መለሱ።

ዙምም ተሞክሯል። ዙም ያለ ክፍያ የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ነው፤ የአንድ ፔሬድ ርዝመትም እዚያው ገደማ ነው። መምህሩ ይህን ሲያይ አሜሪካኖቹ የኢትዮጵያን የትምህርት ሰዓት አጥንተው የሠሩት መሰለው። ችግሩ የመጣው ከሰዓቱ ነው። ግብዣው ላይ 9፡00 ይላል፤ በስልኩ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ግማሹ ክፍል ጠዋት ገባ፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ ደብተሩን ዘርግቶ ጠበቀ። ጠዋት የገቡትም ብዙ አልተጠቀሙም፤ «ቲቸር፣ ይሰማል?» «ይሰማል፤ እኔስ እሰማለሁ?» «ቲቸር፣ እኔ አይሰማኝም» «የማይሰማህ ከሆነ እንዴት መለስክ?» ሲባባሉ አርባው ደቂቃ አለቀና ዙም በትሕትና አሰናበታቸው። ከአንዱ ቤት የዶሮ ጩኸት ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ከዚያ የሰኔው ሐዘን መጣ። ሰኔ 22 ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ሦስት ሳምንት ገደማ ሳይመለስ ቆየ። ስለዚያ ሰሞን መምህሩ ሲቀልድ ተሰምቶ አያውቅም። ግሩፑ ሲከፈት የመጀመሪያው መልእክት ስለ ሒሳብ አልነበረም፤ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» የሚል ነበር።

ዓመቱ ሲዘጋ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሲቀሩ ሌላው ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ታብሌቶቹ ተጠበቁ፤ ተጠበቁ፤ ፈተናው በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በወረቀት ተሰጠ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍሎች ለሁለትና ለሦስት ተከፍለው በፈረቃ ሆኑ። ስድሳ ሲያስተምር የኖረው መምህር ሃያ ምናምን ተማሪ ፊቱ ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉንም ስም ያዘ። ፊታቸውን ግን በማስክ ምክንያት አያውቀውም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ማስኩ ሲወልቅ ጢም ያበቀሉ አገኘ።

በ2012 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል የነበሩት፣ ያለ ፈተና 11ኛ የገቡት ልጆች ናቸው እንግዲህ 12ኛን ጨርሰው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው የተፈተኑት። ጥር ላይ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲናገሩ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም በኮሮና ማሳበብ አይቻልም፤ መምህሩም አላሳበበም። ፈተናው ከዚያ በፊት በስርቆት ሲታማ የኖረ መሆኑን ያውቃል፤ ያ ቀዳዳ ሲዘጋ ባዶው ታየ ባይ ነው። ግን ማርክ ሊስቱን አውጥቶ ሚኒባሷን ፈለጋት። አልፋለች። ቡና ቤት ገብቶ ለማያውቀው ሰው ማኪያቶ ጋበዘ ይባላል፤ ለመንግሥት መምህር ይህ ትልቅ ወጪ ነው።

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የቀረው ነገር መምህሩን የበለጠ ያስቀዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም። ፒዲኤፉ ግን ደርሷል፤ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህ መጽሐፉ ስልክ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሏል። ጥበቃው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል፤ «ጋሼ፣ መጽሐፌ እኮ ነው!» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመው «መጽሐፍህ ይደወልበታል?» ይለዋል። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ቲክቶክና ሎጋሪዝም አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ማን እንደሚያሸንፍ መምህሩ ራሱ አይቷል። እንዲያም ሆኖ መጽሐፍን በር ላይ አስቀርቶ ተማሪን የሚያስገባ ትምህርት ቤት ማየት ለዚህ ጸሐፊም አዲስ ነገር ነው።

ነገሩን የፈታው ሚኒስቴሩም ክፍለ ከተማውም አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቱ ፍላሽም ቴሌግራምም ይቀበላል፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ያትማል፣ በስቴፕለር ጠርዞ ይሸጣል። ተማሪው ገና ደጃፉ ላይ ሲቆም «የ11ኛ ሒሳብ ነው? ሦስት ላይ ናችሁ ወይስ አራት?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ምዕራፍ የትኛው ገጽ ላይ የማተሚያ ስህተት እንዳለበትም ያውቃል። መምህሩ ከክፍል ወደ ክፍል ማን የት እንደደረሰ ለማወቅ ሲፈልግ ዩኒት ሊደሩን አይጠይቅም፤ መንገድ ተሻግሮ እሱን ይጠይቃል።

ቴሌግራሙስ? እሱ አልቀረም። በ2015 የካቲት ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ለወራት ሲገደቡ እንኳ ግሩፑ አልተበተነም፤ በሰፈሩ ቪፒኤን ያልጫነ የቀረ አልነበረም፣ እናቶች ሳይቀሩ «የየት አገሩ ይፈጥናል?» እያሉ ይመካከሩ ነበር። መምህሩ አሁን ማታ ማታ የፈተና ጥያቄ በምርጫ መልክ ይለቃል። በትክክል የመለሰ ተማሪ ስልክ ላይ ባለቀለም ወረቀት ይረግፋል፣ የተሳሳተው ስልክ ይንቀጠቀጣል። ለወረቀቷ ሲሉ ብቻ ኳድራቲክ እኩልታ የለመዱ አሉ። ደግሞ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ፣ ከማታው አራት ሰዓት ላይ በግል «ቲቸር ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው አልገባኝም» ብላ ትጽፋለች። ከመጀመሪያው ማለት ከመስከረም ነው። መምህሩ ያጉረመርማል፣ ሚስቱም ታጉረመርማለች፣ ግን ወረቀት ያወጣና ይጽፋል። ጣቱን ከፎቶው ማስወጣት ተምሯል።

ኦንላይን ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተጀምሯል። ለልምምድ ኮምፒውተር ክፍል የገቡት ልጆች በመጀመሪያው ቀን ማውሱን ወደ ጎን ገፍተው ስክሪኑን በጣት ይነኩ ነበር፤ ስክሪኑ እንቢ ሲል «ቲቸር፣ ሃንግ አድርጓል» ይላሉ። በዚያው ዓመት የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም መጣ፤ መምህሩም ተመዝግቦ ሰርተፍኬቱን አውርዷል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ በቀለም አሳትሞታል።

ዛሬ የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የቤት ሥራ ሲያርም የተማሪዎቹ ሥራ ድንገት ተመሳሳይና እጅግ ጨዋ ሆነ። አንዱ ደብተር ላይ ከመልሱ በታች በእጅ ጽሑፍ «ሌላ የምረዳህ ነገር ካለ ንገረኝ» የሚል ሰፍሯል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «አለ፤ ራስህ ሥራው» ብሎ ጻፈበት። ሌላው የባሰ ነው። ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሳይን ኤክስ ሲካፈል ለኤክስን ሊሚት አግኙ የሚል ጥያቄ ነበር፤ ልጁ በሁለት መስመር ጨርሶ «በሆስፒታል ሕግ መሠረት 1 ይሆናል» ብሏል።

«የምን ሆስፒታል ነው?»

«ቲቸር፣ ሎፒታል ይል ነበር። ስህተት መስሎኝ አስተካከልኩት።»

ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ። ሕጉን አላስተማራቸውም፣ መጽሐፋቸውም ውስጥ የለም፤ ከቻትጂፒቲ እንደመጣ ግልጽ ነው። መምህሩ በበኩሉ ቤቱ ገብቶ ያንን ማሽን ፈትኖታል። ሆን ብሎ የማይረባ ነገር ሲጠይቀው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!» አለው። ድምፁን የት እንደሚያውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ የድሮ ባልደረባው ከደቡብ አፍሪካ ተመልሳ መጥታለች። በአንድ ነገር ግን ተሻሽላለች፤ አሁን እጅ ሲወጣ ታያለች። እንዲያውም ገና ሳይወጣ መልስ ትሰጣለች፤ መምህሩ ደግሞ ተማሪ የሚማረው እጁን አውጥቶ በሚጠብቅባት ደቂቃ ነው ብሎ ያምናል፤ እዚህ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ስታፍ ሩም ውስጥ ቡና እስኪቀዘቅዝ ይከራከራል።

ለማንኛውም የልጁን ደብተር ይዞ ሰሌዳው ጋ ቆመና የሎፒታልን ታሪክ ነገራቸው። ፈረንሳዊ ባላባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1696 የዲፈረንሻል ካልኩለስን የመጀመሪያ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሕጉ በስሙ የተጠራው ከዚያ የተነሳ ነው። ሕጉን ያገኘው ግን እሱ አይደለም፤ ዮሐን ቤርኑሊ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ ነው። ባላባቱ ለቤርኑሊ በዓመት 300 ሊቭር ሊከፍለው ተስማማ፤ ቤርኑሊም ያገኘውን ሁሉ ለሱ ሊልክ፣ ለሌላ ሰው ላይናገር ቃል ገባ።

«ስለዚህ» አለ መምህሩ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አንተ የቤት ሥራህን ያሠራኸው በሰው ባሠራ ሰው ሕግ ነው።»

ክፍሉ ለጥቂት ሰከንድ ዝም አለ። መምህሩ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ማለፍ አማረው፤ ግን ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ወጥቶ የማያውቅ እጅ ነው።

«ቲቸር፣ 300 ሊቭር በዛሬ ብር ስንት ይመጣል?»

መምህሩ አላወቀም። ከወደ መስኮቱ በኩል ሌላው ልጅ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ሲነካካ ቆየና ቀና አለ። «ቲቸር፣ ሊቭር የሚባል ገንዘብ አሁን የለም ይላል፤ ግን የብሩን ክብደት ካወቅን…» ብሎ ጀመረና መምህሩን ሲያይ አቋረጠ። ጠዋት በሩ ላይ የተፈተሸ ልጅ ነው።

«ጨርስ፣ ጨርስ» አለው መምህሩ። «ስልኩን ከዚያ በኋላ እወስደዋለሁ።»