የቀራጮች ማዕረግ

አሜሪካዊው ዴቪድ ሪስ እርሳስ በእጁ እየቀረጸ ያስከፍል ነበር። ፍቅፋቂውን እንኳ አይጥልም ነበር፤ ከምስክር ወረቀት ጋር ለእርሳሱ ባለቤት ይልክ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ አቀራረጹ መጽሐፍ አሳተመ። በግማሽ ምላጭ እየቀረጸ ያደገ የአገራችን ተማሪ ታዲያ ምን ማዕረግ ይሰጠው?

ጅዳና መካ ያለው ቀራጭ እርሳስ አያሻውም። ሲዋክ የሚሉት የጥርስ እንጨት አለለት፤ መፋቂያ ለለመደ ሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም። የአራክ ዛፍ ሥር ተቆርጦ ጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በቢላዋ ይላጣል። ቢላዋ ከሌለ ጥርስ ራሱ ይልጠዋል፣ ከዚያም አኝኮ ብሩሽ ያደርገዋል። ሪስ ለማሾል ይጨነቅለት የነበረውን ጫፍ ይህኛው ለማድቀቅ ይደክማል!

የደከመው ጫፍ ተቆርጦ ከላዩ እንደገና ይላጣል። ሻጮቹ በመስጊድ ደጅ እስር እስሩን ዘርግተዋል፤ ምስክር ወረቀት የጠየቃቸው የለም፣ ልጣጩን ጠቅልሉልኝ ያለም እንዲሁ።