መዓርጋተ ቡና

በሰፈራችን፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ በሩን የከፈተ አንድ ካፌ አለ፤ ስሙን የማልጠራውም፣ ትሩፋት የሚሠራ ሰው በአደባባይ ከተመሰገነ ዋጋው ይቀርበታል ሲሉ አበው ስላስተማሩን፣ የባለቤቱን ሰማያዊ ዋጋ ላለማጉደል ብዬ ነው። ጎረቤቶቼ የዚህን ቤት ነገር ባነሡ ቁጥር «አስተናጋጁ አይሰማ፣ ሙዚቃው አያሰማ፣ ሒሳቡ አያስተኛ» እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን ወራት ሙሉ እየተመላለስኩ ነገሩን በትዕግሥት ከመረመርኩ በኋላ የደረስኩበት እምነት ከነርሱ የተለየ ነው፤ ይኸውም ቤቱ ካፌ ሳይሆን የተባሕትዎ ቦታ ነው፤ ጎረቤቶቼም የተሳሳቱት በረሃ ወርደው መስተንግዶ በመፈለጋቸው ነው።

ቡናና ቤተ ክህነት በቀድሞ ዘመን ሳይስማሙ መኖራቸው የታወቀ ነው። ዛፉ በከፋ ጫካ የበቀለ የራሳችን ዛፍ ሆኖ ሳለ፣ ጠጪው በብዛት የእስልምና ተከታይ ስለ ነበረ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባሉት የሦስቱ ስኒዎች ስሞችም ከዐረብኛ የመጡ በመሆናቸው፣ ካህናቱ መጠጡን የሌላ ሃይማኖት ምልክት አድርገው ምእመናንን ሲከለክሉ ኖረዋል፤ ክልከላው የላላውም በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ በመሆናቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጥር ለማራቅ በመድከማቸው ነው። እነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ቡናን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታረቁት፤ ቡና ጠጪውን አመንኵሶ የሚያወጣ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተገኘም ነበር።

መጻሕፍተ መነኮሳትን የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የቅዱሳን መዓርጋት 10 ናቸው፤ እነርሱም ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። አበው ወደነዚህ መዓርጋት የወጡት ዘመናቸውን በጾምና በስግደት ፈጅተው ነው፤ እኔ ኃጥኡ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከ10ሩ አራቱን በአንድ ማኪያቶ ደረስኩባቸው፤ አምስተኛውም ለጥቂት አምልጦኝ ቆይቶ በመጨረሻ እንዴት እንዳገኘሁት ወደ ፊት እናገራለሁ። በመጻሕፍቱ ተርታ ሳይሆን በደረሱብኝ ቅደም ተከተል ልዘርዝራቸው።

ፊተኛው ጽማዌ ነው፤ ይኸውም አርምሞ። በቤቱ አራቱ ማዕዘን አራት ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ከነርሱም በላይ ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝን እግር ኳስ በራሱ ጩኸት ያሰማል፤ ስለዚህ እዚያ የገባ ሰው ከከንቱ ወሬ፣ ከሐሜትና ከነገር ሁሉ መከልከሉ የማይቀር ነው። የ40 ዓመት ወዳጄ ልጁን ሊድር መሆኑን ሊያበሥረኝ በዚያ ቀጥሮኝ፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ ቢነግረኝ፣ እኔ ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ መስሎኝ «አትቸኩል፤ ጥቂት ብትቆይ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች» ብዬ መከርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ጽማዌያችን ፍጹም ሆኗል።

ሁለተኛው ንጻሬ መላእክት ነው። አስተናጋጆቹ ስድስት ሲሆኑ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲያልፉ በዐይን ይታያሉ፤ በሰው ድምፅ ግን አይጠሩም። ዐይናቸው ሁልጊዜ ከተቀማጩ ራስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ እኛ ሥጋውያን የማናየውን አንድ ረቂቅ ነገር ይመለከታል። በእኛ ወጣትነት አስተናጋጅ የሚጠራው በጭብጨባ ነበር፤ አሁን ያጨበጨብኩ እንደ ሆነ ግብ የተቆጠረ መስሏቸው ከኋላዬ ያሉት ሁሉ አብረውኝ ያጨበጭባሉ።

ሦስተኛው ኩነኔ ነው፤ ይህም ነፍስ በሥጋ ላይ የምትሠለጥንበት መዓርግ ነው። ጠቆር ያለ ማኪያቶ አዝዤ ነጣ ያለ ይመጣልኛል፤ ነጣ ያለ ባዝ ሻይ ይመጣልኛል፤ ውሃ ብለምን ፈገግታ እንኳ አይመጣልኝም። ማኪያቶ በጣልያን ቋንቋ ነቁጥ ያረፈበት ማለት መሆኑን ሳስታውስ፣ በስኒው ከንፈር ላይ የቀረው የፊተኛው ጠጪ የከንፈር ቀለም ስሙን እንዲያሟላ የተጨመረ ይሆናል ብዬ ልቤን አጽናናለሁ። ሥጋዬ ልቆጣ ትላለች፤ ነፍሴ ግን «ተዪ፣ እርሱም መጥቶልሻል» ትላታለች።

አራተኛው አንብዕ ነው። በቤቱ ማዕዘን «ባህላዊ የጀበና ቡና» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ቄጠማ ተጐዝጉዟል፤ ይህ ቄጠማ ይታጠባል እንጂ አይጠወልግም። ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጣለች፤ ቡናው ግን ተቈልቶና ተፈጭቶ በከረጢት የመጣ ስለ ሆነ፣ ምጣዱን ይዛ እየዞረች ጢሱን የምታስሸትተው እንግዳ የለም፤ ሙቀጫውና ዘነዘናውም በመደርደሪያ ላይ የክብር ጡረታ ወጥተዋል። ዕጣኑ ብቻ እውነተኛ ነው፤ እርሱም መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚጤስ፣ ለኃጢአቱ አልቅሶ የማያውቅ ሰው እንኳ እዚያ ገብቶ ሳያነባ አይወጣም። ከዕጣኑ የተረፈውን እንባ ደግሞ ደረሰኙ ይጨርሰዋል፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እላዩም ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ዋጋ ሰፍሮበታልና፤ የመልሱም ዝርዝር በማስቲካ ይከፈለኛል።

አምስተኛው ሑሰት ነው፤ ይኸውም ያለ ድካም ካሰቡበት ቦታ በቅጽበት መድረስ ነው። ይህ መዓርግ በዚያ ቤት የተሰጠው ለጠጪው ሳይሆን ለስኒው ነው። ለማዘዝ ግማሽ ሰዓት የማይታዩት መላእክት፣ የስኒው ወለል ብቅ ማለት ሲጀምር ከየት መጡ ሳይባሉ ተገኝተው «ጋሼ፣ ሌላ ምን ልታዘዝ?» ይላሉ፤ ይህን ቃል የእሺታና የትሕትና ቃል አድርጎ የሚሰማው የዋህ ብቻ ነው፤ ምሥጢሩ «ተነሥ» ማለት ነውና። ምንም አልፈልግም ያልኩ እንደ ሆነ፣ የመጨረሻው ጉንጭ ገና በአፌ ሳለ ስኒው ይሰወራል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቦታ ጥቂት እንቆይ። እናቶቻችን አቦሉን የሚቀዱት ለጥማት፣ ቶናውን ለወሬ፣ በረካውን ለምርቃት ነው። ሦስተኛው ስኒ ቀጭን መሆኑን፣ ጀበናው ሁለት ጊዜ ውሃ እየተጨመረበት የቡናው ጉልበት መድከሙን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ሳይጠጣው የሚነሣ የለም፤ ሽማግሌው የሚመርቀው፣ የተቀያየመው የሚታረቀው፣ ለታመመው ጎረቤት ማን እንደሚያድር የሚቈረጠው በዚያች ቀጭን ስኒ ላይ ነውና። ካፌው አቦሉን ብቻ ለይቶ ዋጋ ተመነለት፤ ቶናውን ተጨማሪ ሒሳብ አደረገው፤ በረካ ግን በዝርዝሩ ላይ የለችም፤ ምርቃትን በስንት እንደሚሸጡ ስላላወቁ አስቀሯት።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ዐይኔ በግድግዳው ላይ በወርቅ ቀለም ከተጻፈው «እንደ ቤትዎ ይሁኑ» ከሚለው ቃል ላይ ዐረፈ፤ ከሥሩም በቀይ «ከ45 ደቂቃ በላይ መቀመጥ ክልክል ነው» ይላል። የሚቃረኑ የሚመስሉትን ሁለቱን ንባቦች ለማስታረቅ እንደ ትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያልኩ ብዙ ደከምኩ፤ አንድም፣ ጸሐፊው «ወደ ቤትዎ» ለማለት ፈልጎ ቀለም ስቶት ይሆናል አልኩ። በመጨረሻ ግን ነጠላውን ንባብ መረጥኩ። በቤቴ ቡና ብቻዬን ጠጥቼ አላውቅምና፣ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ወደ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ዞሬም በሙሉ ድምፄ «ቡና ጠጡ!» ብዬ ተጣራሁ። ሦስት ሰዎች ከልማድ የተነሣ፣ ሳያስቡት፣ ስኒያቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ፤ አንደኛው ከዚያ በፊት ለአምስት ወር ያህል ጀርባውን ብቻ የማውቀው የፊት ለፊት ጎረቤቴ ነበር። ለልጅቱም «ልጄ፣ ቶናውን ቀጥዪ፤ በረካ ሳይወርድ የሚነሣ የለም» አልኳት። ልጅቱ ሣቀች፤ ጀበናውንም አነሣች፤ ያን ጊዜ ግን ሥራ አስኪያጁ ለጥበቃው በዐይኑ ጠቀሰው።

ጥበቃው እንደ አባቱ ደግፎ፣ ክንዴን ሳያጠብቅ፣ እስከ ደጃፍ ሸኘኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ጀበና ይዛ በጃንጥላ ሥር ወደምትቀመጠው ሴት በአገጩ እያመለከተ «ጋሼ፣ እዚያ ቶናው ወርዷል፤ በረካው ገና ነው፤ ፈጠን ካሉ ይደርሱበታል» አለኝ። ጉልበቴን የሚያመኝ ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ፣ ያን አስፋልት እንዴት እንደ ተሻገርኩት እስካሁን አላውቅም።