ካለቀ በኋላ የሚጀመር ንድፍ

የዘንድሮ ሠዓሊ ሁለት ነገር ይፈራል፤ የቤት ኪራይና ነጭ ወረቀት። ኪራዩን አከራዩ ያስታውሰዋል፣ ወረቀቱን ግን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ሽፋኑ ቆዳ፣ ወረቀቱ ወፍራም የሆነ ስኬች ቡክ ይገዛል፤ ስሙን አሳምሮ ይጽፍበትና ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። «ለምን አትሠራበትም?» ሲባል «ለጥሩ ነገር ነው ያስቀመጥኩት» ይላል። ጥሩው ነገር እስኪመጣ ወረቀቱ ብጫ ይሆናል።

ሥዕሉ ግን አይቀርም። የእንጦጦዋ እንጨት ተሸካሚ ያልተሰቀለችበት የስጦታ ዕቃ መደብር ማግኘት ይቸግራል። ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ነጠላዋ ጭቃ አያውቅም፣ ፈገግም ብላለች። የባሕር ዛፉ ሸክም ጀርባዋ ላይ እንደ ክንፍ ተንሳፍፏል።

እውነተኛዋን ለማየት ከሽሮሜዳ በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። ሸክሟ ከቁመቷ የሚረዝም ስለሆነ መኪና ሲመጣ በጎን ትዞራለች። ገመዱ ደረቷ ላይ ያልፋል፤ ወገቧ ታጥፏል፤ ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ዓይኗ ቀጥሎ የምትረግጣት ድንጋይ ላይ ነው። ይህን ፎቶም ያሳያል። ነገር ግን ፎቶ አንሺ አይጠይቅም፤ እርሳስ የያዘ ሰው ግን ሳይወድ በግዱ ይጠይቃል፤ ገመዱ ከየት ተነሣ? ክብደቱ የትኛው እግር ላይ አረፈ? እሷ ደግሞ ቆማ አትጠብቀውም። ከመጀመሪያዋ የጀርባ መስመር ብቻ ይተርፈዋል፣ ከተከታይዋ ጉልበት፣ ከሌላዋ ገመዱን የጨበጠ እጅ። አንዱም ገጽ አይሸጥም። ቤቱ ገብቶ ትልቁን ወረቀት ሲዘረጋ ግን ምን የት እንደሚታጠፍ እጁ ያውቀዋል፤ ሸክሙም ያን ጊዜ ይከብዳል።

ብዙ መንደፍ የትልልቆቹም ልማድ ነው፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ 7,000 ገጽ ገደማ ማስታወሻና ንድፍ ተርፎለታል፤ የተረፉት የቀለም ሥዕሎቹ ግን ከ20 እምብዛም አይበልጡም። እዚሁ አገራችንም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ነው። የተቆረጠ መስታወት በላጲስ አይታረምም፤ ስሕተት ካለ ወረቀት ላይ ማለቅ አለበት።

በእርግጥ ደብተር ይዞ ሽሮሜዳ መቆም ቀላል አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለግብር የተገመተበትን የቀን ገቢ ያልረሳ ባለሱቅ፣ ቀና ብሎ እያየ ጎንበስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲመለከት የሰቀለውን ቀሚስ ማውረድ ይጀምራል።

«ወንድሜ፣ ከገቢዎች ነህ?»

ሠዓሊ መሆኑ ሲረጋገጥ ፍርሃቱ ወደ ዳኝነት ይለወጣል።

«አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! እንዲያውም አዝኖልህ ነው» ይላል ጎረቤቱ።

ይህን ችሎት የሚሸሽ ሠዓሊ ስልኩን አውጥቶ ቀጭ ያደርግና ታክሲ ይሳፈራል። ያቺ ቀጥ ያለች ሴትዮ የምትወለደው እንግዲህ ከዚያ ስልክ ነው።

አሁን አሁን የባሰም መጥቷል። ተመልካች የሥዕሉን «ሂደት» ማየት ይወዳል ተባለ። ሠዓሊያችንም ሥዕሉን ጨርሶ፣ አድርቆ፣ ፍሬም ካስገባ በኋላ ያንን ደብተር በመጨረሻ ያወጣዋል። ያለቀውን ሥዕል እያየ በእርሳስ ይገለብጣል፤ ጠርዙ ላይ ቡና ጠብ ያደርጋል፤ ጥቂት መስመር ሆን ብሎ ያጣምማል፤ ከዚያም ቪዲዮ ቀርጾ «የመጀመሪያ ሐሳቤ» ብሎ ይለጥፈዋል። አድናቆቱ ይጎርፋል።

ልፋቱን ማን ይክዳል? ያለቀ ሥዕል ገልብጦ፣ የታሰበበት እንዲመስል ማጣመም ቀላል ሥራ አይደለም። የሚያስቀው፣ ስሕተቱን በጊዜው ቢሠራው ኖሮ በነጻ ነበር፤ ሥዕሉም በተረፈው ነበር።