ቢምቢ በጠራራ ፀሐይ

የዘንድሮ ቢምቢ እንደ ዘንድሮ ልጅ ሰዓት አታውቅም። የጥንቷ ወባ ሥርዓት ነበራት። ክረምት ሲወጣ፣ ረግረግ ባለበት፣ ሰው ጋደም ካለ በኋላ ነው የምትመጣው፤ እኛም አውቀን አጎበራችንን እንዘረጋለን። የአሁኗ የድሬዳዋ ቢምቢ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሽርጤን አሸርጬ በረንዳ ላይ ጫቴን እንደያዝኩ ቁርጭምጭሚቴን ትነድፈኛለች። እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት የደረደረች ጥቁር ቄንጠኛ! ቀን ለምትናደፍ የሌሊት አጎበር ምን ይረባል? ለብሼው ከዚራ ሰፈር ልውጣ?

በ2006 ደንጊ የሚሉትን ይዛብን መጣች። በ2011 ነሐሴ ደግሞ ቺኩንጉንያን። ያኔ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የጎበጠው፤ የሰፈሩ ኳስ ተጫዋች ሳይቀር «ጋሼ፣ ምርኩዝዎን ያውሱኝ» ብሎኛል። ትኩሳቱስ በቶሎ ለቀቀኝ፤ ጉልበቴ ግን ለወራት «እህ!» ሳይል አልታጠፈም።

ያ አልበቃ ብሎ ከወደ እስያ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ተጨመረችልን። በ2009 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፣ በ2014 እዚሁ ድሬ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ተነሣ፣ ጣት የተቀሰረውም እሷ ላይ ነው። ረግረግ አትፈልግም እኮ! የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። እሱ ደግሞ የት ነው ያለው? እኔ በርሜል ውስጥ። ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ፣ ያውም በሌሊት፣ ሰው ምን ያድርግ?

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጥታ የስልኳን መብራት በርሜሌ ላይ አበራች። «አባባ፣ እጭ አለበት።» ክር የምታክል ነገር ብርሃኑ ሲያርፍባት ተጣጥፋ ወደ ታች ሰመጠች። «በየሳምንቱ ይድፉትና ውስጡን በብሩሽ ይፈትጉት። የቀኗ ቢምቢ እንቁላል ጎኑ ላይ ተጣብቆ፣ ደርቆም ቢሆን ወራት ይቆያል።» ልጄ፣ እንቅልፌን አጥቼ የቀዳሁትን ነው የምደፋው? ውኃውን በፈረቃ የሚለቀውን መሥሪያ ቤት ማን ይፈትግልኝ? «እንግዲያው ጨርቅ ወጥረው ይሰሩት፤ ክፍተት አይኑረው።» ባለቤቴ እንደ ሕግ ያዘችው። በአሮጌ ነጠላ የበርሜሉን አፍ ወጥራ፣ በላስቲክ ጠፍንጋ፣ ለቡና ውኃ ስቀዳ ገና ጣሳው ሳይወጣ «ክደነው!» ትላለች። እኔን እንኳ በዕድሜዋ እንዲህ ሸፍናኝ አታውቅም።

እሺ፣ እኛ ከደንን። ፊት ለፊታችን ያለው ጎሚስታስ? አሮጌ ጎማ ደጅ ላይ ቆልሎ፣ አንድ ዝናብ በጣለ ቁጥር የእያንዳንዱ ጎማ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። «ብሳው፤ ካልሆነም ጣሪያ ሥር አስገባው» ስለው «አቦ ጋሼ፣ ቦታ የለኝም!» ይለኛል። ደንጊ ይዞት አጥንቱ ሲንቆራጠጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛው የት ይመስላችኋል? እዚያው ጎማው ላይ! ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ አይሱዙ ሙሉ ጎማ አስራገፈ።