ጮቄን የጋረደው ሰውዬ

የዘንድሮ ተጓዥ ተራራ የሚወጣው ጀርባውን ሊሰጠው ነው። ከቢቸና ተነስቶ ጮቄ ይደርሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚልቅ፣ ጅባራው በብርድ ዘብ የቆመበት፣ ለአባይ የሚገብሩ ወንዞች የሚፈልቁበት አገር። እሱ ግን ዞር ብሎ ስልኩን ይዘረጋል፣ ጉንጩን ይስባል፣ ቀጭ! ፎቶው ላይ አንድ መነጽር፣ አንድ ጆሮና ከትከሻው በላይ ሰማያዊ ነገር ይታያል። ሰማያዊው ጮቄ ነው ብሎ ይምላል። እኛም እናምናለን፤ ምን እናድርግ፣ ዳገቱን የወጣው እሱ!

ከሞጣ ወርዶ ሰባራ ድልድይ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው ይህ የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ፈርሶ፣ ስንትና ስንት ዓመት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ ማዶ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተተ አባይን ይሻገር ነበር። ሽማግሌውም፣ ነጋዴውም፣ ባለጉዳዩም። ከዚያ ሁሉ ተሻጋሪ መካከል ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ «ቆይ እስቲ፣ በዚህ በኩል ድገመኝ» ያለ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዲማ ጊዮርጊስም አልቀረለትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን ያሳዩን ያለ አንዲት ፎቶ፣ በብዕር ብቻ ነው። የኛ ሰው ግን እግሩ ከመርገጡ ኔትወርክ እንዳለ ጠየቀ። አንድ የቆሎ ተማሪ እዚህ ጋ አይሠራም ቢለው፣ ከልቡ አዝኖ፣

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለው።